ታባዋ የማትጠራው ስም

በቢርኒ ሰፈር የታባዋን ምላስ ያልቀመሰ ሰው ካለ፣ ወይ ገና ያልተወለደ ነው ወይ ትናንት ከመኪና የወረደ እንግዳ ነው። ታባዋ የኦቾሎኒ ዘይት ጨማቂ ናት። ዘይቱ ወጥቶ የቀረውን ፋጉሎ ደግሞ በርበሬና ዝንጅብል ነስንሳበት፣ እያድበለበለች ጠብሳ ትሸጣለች። በዚንደር ከተማ ውስጥ እንደሷ ያለ ዘይት የለም፤ እንደሷ ያለ አፍም የለም። ሰው ስትሰድብ በደፈናው አትሰድብም። ስሙን ጠርታ፣ የአባቱን ስም አስከትላ፣ አያቱንም ከተኛበት ቀስቅሳ ነው። ጀሪካን ተውሶ ያልመለሰ፣ ኦቾሎኒ ውስጥ አሸዋ የቀላቀለ፣ ሰላም ሳይላት ያለፈ፣ ሁሉም ስሙን ከሷ አፍ ሰምቷል። አንድ ሰው ብቻ አልሰማም። እሱም የበኩር ልጇ ነው።

እናት የበኩር ልጇን ስም አትጠራም። ነውር ነው፣ አለቀ። «አንተ» ትለዋለች፣ «ያ ልጅ» ትለዋለች፣ ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ እንዳላየች ታልፈዋለች። የታባዋ ነውር ድርብ ነው፤ ለልጁ የወጣለት ስም የባሏ አባት ስም ነው፣ የአማት ስም ደግሞ አማትየው አፈር ከገባም በኋላ ከምራት አፍ አይወጣም። ስለዚህ እኔም ለጊዜው ስሙን አላነሳም። ታሪኩ የሷ ነው፤ ከሷ ቀድሜ አልጠራውም።

ታባዋ መካ ለመሄድ ከቆረጠች ቆይታለች። ለአላህ ብላ ነው፤ ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ለጣውንቷም ብላ ነው። ጣውንቷ ራኪያ ባላቸው ጋምቦ በሕይወት እያለ በሱ ገንዘብ ሄዳ ተመልሳለች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ «ሐጂያ» ብሎ ያልጠራት ሰው መልስ አያገኝም። ጋምቦ ከሞተ በኋላም ሁለቱ ሴቶች ያው አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ የሚለያቸው በመሃል ያለው የኒም ዛፍ ብቻ ነው። ታባዋ እሳት ስታነድ ሐጂያ ራኪያ ምንጣፏን ከጭሱ እያራቀች፣ የመካን አየር የሳበ ደረት ይሄን አይችልም ትላለች። ታባዋም አታሳርፋትም፤ ሰይጣኑን በጠጠር ውገሪው ተብለሽ ሄደሽ ይዘሽው መጣሽ እንዴ ትላታለች። ቀኑ እንዲህ እየተባባሉ ይመሻል።

ሐጂያ ራኪያ ግን ከሐጂነቷ የባሰ መውጊያ አላት። እሷ አልወለደችም፤ የታባዋን በኩር ጡት ከጣለ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ወጉ ነው፣ የበኩር ልጅ ለአያት ወይ ለታላቋ ሚስት ይሰጣል። ስሙን መጥራት ትችላለች፣ ነውር የለባትም፤ እናም ከማለዳ እስከ ማታ ትጠራዋለች። ውሃ አምጣ፣ በሩን ዝጋ፣ ፍየሏን እሰር። ታባዋ ከገበያ ስትገባማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደጋግማ ነው የምትጠራው። ያኔ ታባዋ ምን ብላ ትመልስላታለች? በዚህ ነገር ላይ አፍ የላትም።

ልጁ ደግሞ እናቱን አይወዳትም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ምክንያቱንም ያውቃል። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው እየሮጠ መጥቶ ገና ከእሳት የወረደ የዘይት ድስት ውስጥ እግሩን ጨመረ። ታባዋ እጇን ብትዘረጋ ትደርስበት ነበር። ግን አማቷ፣ የባሏ እናት፣ በር ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጥላባታለች፤ ይቺ ምራት ለበኩሯ ስትንሰፈሰፍ አያታለሁ ወይ ብላ። ታባዋ አልተነሳችም። ማማሰያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ልጁ እጁን ወደሷ ዘርግቶ ሲጮህ ከግቢው ማዶ እየሮጠች መጥታ ያነሳችው ራኪያ ናት። ከዚያ በኋላ ታባዋ ከጎተራው ጀርባ ሄዳ መዳፏን እስኪደማ መንከሷን ልጁ አያውቅም፤ ለማንም ተናግራ አታውቅማ። እሱ የሚያውቀው ዘርግቶት የቀረውን እጁን ነው። ዛሬ ሞተር ብስክሌት የሚጠግን ጎልማሳ ነው። የቀኝ እግሩ ጠባሳ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይወጣል፣ እናቱ ስታልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

እንግዲህ የሰፈሩን ሐጃጆች ወረቀት የሚያዘጋጀው አልሃጂ ሻይቡ የሚሉት ሰው ነው። የሁሉንም ፓስፖርት በአንድ የሩዝ ከረጢት ከትቶ፣ ከረጢቱን ሞተሩ ላይ አስሮ የሚዞር፣ ፎቶም ክትባትም ቪዛም ያለኔ አይሆንም የሚል ሰው። ከታባዋ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተጣጣሙም። ፎቶዋን መለሰባት፤ ሻሽሽ ግንባርሽን ሸፍኗል አላት። ደግማ ስትነሳ ፊትሽ ተኮሳትሯል ብሎ መለሰው። ፊቷ ሲፈጠርም እንዲሁ እንደነበረ፣ መላእክቱም በዚሁ ፊት እንደሚያውቋት ነገረችው። በመጨረሻ በተቀበላት ፎቶ ላይ ታባዋ ካሜራውን ልትማታ የተነሳች ትመስላለች።

ፎቶው አለፈና የዕድሜ ነገር መጣ። ከአርባ አምስት ዓመት በታች የሆነች ሴት ያለ መህረም ቪዛ አታገኝም፤ ባሏ ወይ ወንድሟ ወይ ልጇ አብሯት መሄድ አለበት። ታባዋ አርባ ሦስት ናት። ሻይቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አርባ ስድስት ብለን እናስገባው፣ ማን ይጠይቃል፣ ይሄ ሰፈር ግማሹ የተወለደው ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው አላት። እውነቱን ነው፤ የልደት ቀኑን የማያውቀውን ሁሉ በዚያ ቀን ያስወለደው እሱ ራሱ ነው።

«የአላህን ቤት በውሸት ዕድሜ አልረግጥም» አለችው። «አንተ ስትሄድ እንዲህ አድርገህ ከሆነ ሐጅህ አልተቆጠረም። አልሃጂነትህን መልስ።»

ይህን ያለችው ገበያ መሃል ነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሻይቡ የዚያን ቀን ቂም ያዘ፤ ከንፈሩን ነክሶ፣ እንግዲያውስ መህረምሽን አምጪ፣ እናያለን አላት።

ወንድም የላትም። ከበኩሩ በኋላ የወለደቻቸው ሁለቱም ሴቶች ናቸው። የቀረው ያው ያ ልጅ ነው። እሷ አልጠየቀችውም፤ የባሏ ወንድም ነው ጠርቶ ያዘዘው። ልጁም ለአጎቴ ስል እሄዳለሁ፣ ለሌላ ለማንም አይደለም አለ። ፓስፖርት ሊያወጡ የሄዱ ዕለት እሷ በመንገዱ በግራ፣ እሱ በቀኝ ነው የሄዱት። ክትባቱ ጋ ነርሷ አብራችሁ ናችሁ ወይ ብላ ስትጠይቅ ሁለቱም በአንድ አፍ አይደለንም አሉ። ያም ሆኖ ወረቀቱ ሁሉ ተሟላ። ታባዋ በልቧ ነጩን ልብስ ለብሳ፣ ስትመለስ ደግሞ በራኪያ ምንጣፍ ላይ አቋርጣ ስታልፍ ይታያት ጀመር።

የቀረው መርማሪ ፊት የሚቀርቡበት ማጣሪያ ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት የእናቶቻቸው መህረም ተብለው የሄዱ ጎረምሶች ጂዳ ላይ ከአውሮፕላን ወርደው ሥራ ፍለጋ ተበትነው ቀሩ። ሲጣራ አንዳቸውም የዚያች ሴት ልጅ አልነበሩም፤ ወረቀቱ የተሸጠ ነው። እንዴት አለፉ ብትሉ፣ ነውሩን ተጠቅመው ነው። መርማሪው ሴትየዋን የልጅሽ ስም ማነው ይላታል፤ እሷም በሻርፗ አፏን ሸፈን አድርጋ በኩሬ ነው፣ ነውር ነው ትላለች። መርማሪውም ያው የአገሩ ልጅ ነውና አንገቱን ደፍቶ ያሳልፋታል። ልጄ ያለችውን ሰው ስም እንኳ አታውቅም እኮ! ይህን ዘዴ ለሴቶቹ ያስጠናው ሻይቡ ነው እየተባለ ይወራል፤ እኔ አልነበርኩም፣ ግን አልጠራጠርም። ስለዚህ በዚህ ዓመት ትእዛዝ ወጣ። ነውር የሚባል ነገር አይሰማም፤ መህረሟን በስሙ ያልጠራች ሴት ትቀራለች።

ማጣሪያው በትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ሴቶቹ በዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል፣ መህረሞቹ በአጥሩ በኩል ቆመዋል፣ መርማሪው ጠረጴዛ ይዞ ከመሃል ተቀምጧል፤ ሻይቡም ከረጢቱን ታቅፎ ከጎኑ። ሐጂያ ራኪያ ማንም ሳይጠራት ዣንጥላዋን ዘርግታ መጥታለች፤ ልሸኝ ነው ብላ። መሸኘት ካማረሽ ቀብር አለልሽ አለቻት ታባዋ፣ ለጎረቤቷ የምትናገር መስላ።

ከፊቷ የነበረችው ሴት የልጅሽን ስም ጥሪ ስትባል አለቀሰች፣ ከዚያ ተነሥታ ሄደች። ፓስፖርቷ ተመልሶ ከረጢት ውስጥ ገባ። ሌላዋ አፏን በእጇ ከልላ በሹክሹክታ ተናገረችና ወደ ቦታዋ ስትመለስ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ፈቀቅ አሉባት። ታባዋ ይህን ሁሉ አየች።

ተጠራች። ልጁም ከአጥሩ መጥቶ ቆመ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ።

«የልጅዎ ስም ማነው?» አላት መርማሪው።

«ፓስፖርቱ እጅህ ላይ ነው። ማንበብ ካቃተህ እሱን ጠይቀው።»

«ማንበብ አላቃተኝም። ከእርስዎ አፍ ነው የምፈልገው።»

«የአማቴ ስም ነው። ከኔ አፍ አይወጣም።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። እሱም ለናቱ የመጀመሪያ ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ ስሙን ሳትጠራው እንደሞተች ነገራት። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ምንም ርኅራኄ አልነበረም፣ ስንቱን ሲያባርር ውሏል። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረና እናትህ ናት ወይ አለው።

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ልጁ አዎ ቢል ምናልባት ነገሩ ይለዝብ ነበር፤ መርማሪውም እንዲልለት የፈለገ ይመስላል። ልጁ ግን እናቱን ትክ ብሎ አያት።

«እናትህ ናት ይሉኛል» አለ። «ከሷ አፍ ግን ሰምቼ አላውቅም።»

ጥላው ሥር የነበሩት ሴቶች ጉም ጉም አሉ። ሻይቡ ፈገግ አለና የታባዋን ፓስፖርት አንስቶ የከረጢቱን አፍ ከፈተ። ይሄኔ ሐጂያ ራኪያ ዣንጥላዋን አጠፈችና ወደ ጠረጴዛው መጣች። ምስክር ከተፈለገ እኔ አለሁ፣ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ስሙንም ስጠራው ነው የኖርኩት አለች። ጠራችውም። እንደለመደችው ደጋግማ፣ ጣፍጧት ጠራችው።

የታባዋ ደም ፈላ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስታስበው፣ ለመካ ብላ ይሁን ለራኪያ ብላ ይሁን ራሷም አታውቀውም።

«ያሁዛ» አለች። «ያሁዛ ጋምቦ። በአያቱ በማላም ያሁዛ ነው የወጣለት። እኔ ነኝ የወለድኩት፣ እዚያ የኒሙ ዛፍ አጠገብ ባለው ክፍል። ጻፈው።»

አንዲት አሮጊት ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። መርማሪው ማህተሙን አነሳና መታው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ልጁ ገፋ አደረገ፤ መህረሙ ካልፈረመ ማህተሙ ዋጋ የለውምና።

ያሁዛ ብዕሩን አልነካም። ፊቱ ጠቁሯል። አሁን የሰማውን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሐጂያ ራኪያ በጠራችው ቁጥር ጆሮው ወደ ዛፉ ማዶ ነበር። ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ሆኖ መጣ።

«ለማህተም ነው የጠራሽኝ» አላት። «እግሬ ሲቃጠል ያልጠራሽኝ፣ ለማህተም ጠራሽኝ።»

ብሎ ዞረና በበሩ ወጣ።

ያን ዓመት ታባዋ መካ አልሄደችም፤ ይህን አሁኑኑ ልንገራችሁና ልገላገል። ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ማህተሙ የተመታበትን ወረቀት አየችው። ሻይቡ፣ ሩጪና አስፈርሚው፣ እኔ ማታ ከረጢቱን ይዤ ወደ ዋና ከተማው ወደ ኒያሜ ነኝ፣ አልጠብቅሽም ይላታል። ደስታውን መደበቅ እንኳ አልቻለም። ራኪያ ደግሞ አይፈርምልሽም፣ እኔ ካልኩት ግን ይፈርማል ትላለች። ታባዋ ሻርፗን አጥብቃ አሰረች፣ ወረቀቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ልጁ በጨው ነጋዴዎቹ መንገድ ቁልቁል እየሄደ ነው፣ ሲበሳጭ እንደሚያደርገው ቀኝ እግሩን ጎተት እያደረገ። ሩቅ ነበር። መሮጥ ለሷ ዕድሜ ሴት አይሆንም፤ ደግሞም መሮጥ አልፈለገችም። ቆመችና ጠራችው።

«ያሁዛ!»

የጨው ነጋዴዎቹ ቀና አሉ። ሁሉም የሚያውቋት፣ ሁሉንም የምታውቃቸው ናቸው። አንዱ እጁ ላይ የያዘውን አሞሌ ጨው ሳያስቀምጥ ቀረ። ልጁ አልዞረም። እየተራመደች ደግማ ጠራችው። ከዚያ ደገመችው፤ ድምጿ ኦቾሎኒ ውስጥ አሸዋ ቀላቀልክ ስትል እንደሚወጣው ያለ ድምፅ ነው፣ ሌላ ድምፅ የላትም። ከሱቆቹ ውስጥ ሰው ወጣ። ከኋላዋም የማጣሪያው ሴቶች በር ላይ ቆመው ያያሉ፣ ራኪያ ከፊት።

ልጁ ቆመና ዞረ። እየተናደደ ወደሷ መጣ።

«ዝም በይ፣ ሰው እየሰማ ነው» አላት።

«ይስማ።»

«ፊርማው አይደል የምትፈልጊው? አምጪው ልፈርም። አምጪውና ተይኝ።»

ታባዋ ባዶ እጇን አሳየችው። ወረቀቱን ትታው እንደመጣች ያኔ ነው የገባው። ምን እንደምትለው አላሰበችበትም ነበር። ዓይኗ ወደ መሬት ወረደ። አንገቷን ደፍታ አይደለም፤ እግሩን እያየች ነው።

«እግርህን አሳየኝ» አለችው።

«አሁን?»

«አሁን። አሳየኝ አልኩህ።»

ልጁ ግራ ቀኝ አየ። መንገዱ ሁሉ ቆሞ እያያቸው ነው። የሚሄድ መስሎ ነበር፤ ከዚያ የጨው ነጋዴውን ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን አወለቀ። ታባዋ እዚያው አቧራው ላይ ቁጢጥ አለች፣ እግሩን በሁለት እጇ ያዘችና ጠባሳውን ከጣቶቹ ሥር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በአውራ ጣቷ ተከተለችው። ይህን ሁሉ ዘመን ከሩቅ ነበር የምታውቀው። ከላይ ቆዳው ተልጦ ቀልቷል።

«ይሄን ጫማ ማነው የገዛልህ?» አለች ቀና ሳትል። «ጠባሳውን እየፈተገው ነው እኮ።»

«እማ ራኪያ።»

«ድሮም እሷ ዕቃ መግዛት አታውቅም» አለች ታባዋ፣ እግሩንም አልለቀቀችውም።